በሱስ የተያዘ ሰው ቤተሰብ፦ በአዊ ምድር ያልተጠየቀው ታማሚ

በመጠጥ፣ በጫት ወይም በሌላ አደንዛዥ ዕፅ ሱስ ስለተያዘ ሰው በተነሣ ቁጥር ምክሩም፣ ተግሣጹም፣ ሕክምናውም ወደ እርሱ ብቻ የሚያዘነብል ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩት እናት፣ ሚስት፣ ባል፣ ወንድምና እኅት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆች፣ ወይ አስታማሚ ወይ የጥፋቱ ተባባሪ ተደርገው ከመታየት በቀር ራሳቸው ሊታመሙ እንደሚችሉ የሚያስብላቸው ጥቂት ነው። ጂም ኦርፎርድ የተባሉት የብሪታንያ የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በቅርብ ዘመዳቸው ሱስ ምክንያት ጤናቸው የሚታወክ አዋቂዎች በዓለም ዙሪያ፣ ግምቱ ዝቅ ተደርጎ ቢያዝ እንኳ፣ 100 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ አስልተዋል። ይህ ሁሉ ሕዝብ በየአገሩ የጤና ዕቅድ ውስጥ ራሱን የቻለ ስም የሌለው በመሆኑ፣ እርዳታ ቢደርሰው እንኳ የሚደርሰው ሱስ የያዘው ሰው መጠጣቱን ወይም መቃሙን ካቆመ በኋላ በተዘዋዋሪ ነው፤ ሰውየው ካላቆመ ደግሞ ቤተሰቡ ዓመታትን ሳይጠየቅ ያሳልፋል። ቤተሰቡ ግን ዘመዱ ዛሬ ቢያቆምም ባያቆምም ለራሱ ሊታገዝ ይገባዋል፣ ሊታገዝም ይችላል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው በአካባቢው ማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ አስቀድሞ ያለ ነው።

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ እንጅባራ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በሚልቅ ከፍታ የምትገኝ ብርዷ የበረታ የደጋ ከተማ ስትሆን፣ ዳንግላ በዚያው መንገድ ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ ዝቅ ብላ ትገኛለች። በከተሞቹ ዙሪያ ያለው ገበሬ ገብስ፣ ድንች፣ ጤፍና ዳጉሳ ያመርታል፤ በባንጃና በፋግታ ለኮማ ወረዳዎች ደግሞ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በማሳው ላይ ተክሎ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጦና አክስሎ፣ ከሰሉን ለነጋዴ ይሸጣል። እንዲህ ያለው ኑሮ ለአገሩ ብዙ በረከት ያመጣ ቢሆንም፣ ገንዘብ በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ ሳይሆን በከሰሉና በድንቹ ሽያጭ ወቅት በአንድ ጊዜ እጅ ስለሚገባ፣ በመጠጥ የተፈተነ አባወራ ያለበት ቤት የዓመቱን ቀለብ፣ የልጆቹን ደብተርና ልብስ በጥቂት የገበያ ቀናት ውስጥ ሊያጣው ይችላል።

በዚህ አካባቢ በብዙ ቤት ችግር የሚያመጣው አደንዛዥ ነገር ከሩቅ የሚመጣ ዕፅ ሳይሆን በጓዳ የሚወጣው አረቄ ነው። አረቄ ከዳጉሳ፣ ከበቆሎ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ እህል በብቅልና በጌሾ ከተዘጋጀ ድፍድፍ በእንፋሎት የሚወጣ መጠጥ ሲሆን፣ የጠላ የአልኮል መጠን በአብዛኛው ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ሳለ የአረቄው ግን 40 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ዳግም የሚባለው፣ ሁለተኛ ጊዜ የወጣው፣ ከዚህም የበረታ ነው። ብርድ ለማባረር ሲባል በጧት አንድ መለኪያ መቅመስ በደጋ አገር የተለመደ ነገር ቢሆንም፣ አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች በማስፋት ሙቀት የመጣ የሚመስል ስሜት የሚሰጥ እንጂ የሰውነትን ሙቀት የሚጨምር አይደለም፤ እንዲያውም ሙቀቱ ቶሎ እንዲባክን ያደርጋል። ከአረቄ ቀጥሎ የሚነሣው ጫት ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉን ስለሚያጣ ተጠቃሚው በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ይሻል፤ ከምርቃናው በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲል ደግሞ ስሜቱን ለማብረድ ጨብሲ እየተባለ መጠጥ ስለሚጨመርበት፣ በጫት የጀመረ ወጣት በሁለት ሱስ የሚያዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ሀሺሽና፣ ለሕመም ማስታገሻነት የሚታዘዘውን ትራማዶልን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ፣ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ያነሱ ቢሆኑም፣ በየከተማው ያሉ ወላጆችን የሚያስጨንቁ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከተጠየቁት ወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 12 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ጫት ቅመው ያውቃሉ፤ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መንስኤዎች በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ10 አዋቂዎች 4 ያህሉ ባለፉት 30 ቀናት አልኮል መጠጣታቸውን ተናግረዋል። እርግጥ የሚጠጣ ሁሉ በሱስ የተያዘ አይደለም። ሱስ የሚባለው ፍላጎቱ ከፈቃድ በላይ ሆኖ፣ ሰውየው ጉዳቱን እያየ ማቆም ሲያቅተው፣ ለተመሳሳይ ስሜት መጠኑን እየጨመረ ሲሄድ፣ ሲያቋርጥም ሰውነቱ ሲታወክ ነው፤ በዚህ ትርጉም ሱስ የአእምሮን የደስታና የፍላጎት ሥርዓት የሚለውጥ ሕመም በመሆኑ፣ ከእልኸኝነት ወይም ከባለጌነት የመጣ ነው ተብሎ መታሰቡ ሰውየውንም ቤተሰቡንም ለረጅም ጊዜ ጎድቷል። ሚስት «ብትይዘው ኖሮ»፣ እናት «ብትቀጣው ኖሮ» እየተባሉ ላላመጡት ሕመም ተጠያቂ የሚሆኑትም በዚሁ አስተሳሰብ ምክንያት ነው።

በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖር ሰው የሚደርስበት ጉዳት ከገንዘብ ይጀምር እንጂ በገንዘብ አያበቃም። ማታ የበሩን መንኳኳት እየጠበቁ ማደር፣ ዛሬ በምን ሁኔታ ይመጣ ይሆን ብሎ መሥጋት፣ ነገ የሚጠይቀውን የአረቄ ቤት ዱቤ ማሰብ፣ በገበያ መካከል ወድቆ ተገኘ የሚል መልእክት መፍራት በየቀኑ ሲደጋገሙ ሰውነት ከሥጋት የሚያርፍበት ጊዜ ያጣል፤ ከዚህም እንቅልፍ ማጣት፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የጨጓራ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ ድባቴና ጭንቀት ይከተላሉ። ድባቴ ማለት ለሁለት ሳምንታትና ከዚያ በላይ የሚቆይ፣ ደስታንና የመሥራት ፍላጎትን የሚያሳጣ፣ አንዳንዴም ሞትን የሚያስመኝ የስሜት ሕመም ነው። እንዲህ የታመመች እናት ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ የምትናገረው ስለ ራስ ምታቷ ነው፤ የባሏን ወይም የልጇን ነገር የቤት ገመና አድርጋ ስለምትይዘው፣ ባለሙያውም ስለማይጠይቃት፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ይዛ ትመለሳለች።

በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃት ለብቻው ሊነሣ የሚገባው ነው። ከላይ የተጠቀሰው የ2016 ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ የኢትዮጵያ ሴቶች 34 በመቶ የሚሆኑት ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ያሳየ ሲሆን፣ ባሎቻቸው አዘውትረው በሚሰክሩ ሴቶች ዘንድ ይህ ድርሻ እጅግ ከፍ ብሎ ታይቷል። መጠጥ ጥቃትን የሚያባብስ ቢሆንም ለጥቃት ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ አይገባም፤ የሰከረ ሁሉ አይማታም፣ የሚማታውም ብዙ ጊዜ ማንን እንደሚመታ ያውቃል። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚሰጥ ማንኛውም ምክር «እንዴት ታግባቢዋለሽ» ከማለቱ በፊት ሚስትና ልጆች በደኅና ያድሩ እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ ሌሊት ሲመጣ የት እንደሚሸሹ፣ የትኛው ጎረቤት በር እንደሚከፍት፣ ለቀበሌው ፖሊስ ወይም ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማን እንደሚያሳውቅ አስቀድሞ መመካከር ሕይወት ያድናል።

የልጆቹ ጉዳት ደግሞ ድምፅ ስለሌለው ይበልጥ ይሸሸጋል። የልጆቹ ታላቅ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ማንም ሳይነግራት የእናትነቱን ሥራ ትረከባለች፤ ታናናሾቿን ታበላለች፣ አባቷን ከመንገድ ትሰበስባለች፣ ትምህርቷን ታቋርጣለች። ሌላው ልጅ ዝም ይላል፣ ወይም በትምህርት ቤት ጠበኛ ይሆንና በባለጌነት ይቀጣል። ሕፃናት በዙሪያቸው የሚሆነውን ሁሉ ከራሳቸው ጋር ስለሚያያይዙት፣ አባታቸው የሚጠጣው እነርሱ ስላስቸገሩት እንደሆነ ያምናሉ፤ ስለዚህ ከአንድ የሚያምኑት ትልቅ ሰው፣ አያት ወይም አክስት ወይም መምህር ሊሆን ይችላል፣ «ይህን ያመጣኸው አንተ አይደለህም፤ ልታስቆመውም አይጠበቅብህም» የሚል ግልጽ ቃል መስማት ይገባቸዋል። አል-አኖን የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ የተመሠረተው የመጠጥ ሱሰኞች ቤተሰቦች ማኅበር ለአባላቱ ከሚያስተምራቸው ነገሮች መካከል ዋነኛው ይኸው ነው፤ ሱሱን ቤተሰቡ አላመጣውም፣ ሊቆጣጠረው አይችልም፣ ሊፈውሰውም አይችልም።

ስለ አዊ ሲጻፍ ሊዘለል የማይገባ ሌላ ቤተሰብ አለ፤ እርሱም አረቄ አውጥቶ የሚሸጠው ቤተሰብ ነው። በከተማም በገጠርም አረቄ የምታወጣው ብዙ ጊዜ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች፣ መሬት የሌላት፣ ልጆቿን በዚሁ ገቢ የምታስተምር ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ በማገዶ ጢስ ውስጥ ስትውል ዓይኗና ሳንባዋ ይጎዳል፤ መጠጥ ቤቷና መኖሪያዋ አንድ ክፍል በመሆኑ ልጆቿ የሚያጠኑትም የሚተኙትም ጠጪዎች ከሚቀመጡበት አጠገብ ነው፤ ከድፍድፉና ከብርጭቆው ቅሪት የሚቀምሱም አይጠፉም። በአንዱ ቤት የጠፋው የቀለብ ገንዘብ በሌላው ቤት የልጅ ደብተር ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህም አረቄ ቤትን በመዝጋት ብቻ የጠጪውን ቤተሰብ እናድናለን ብሎ መነሣት ሁለተኛውን ቤተሰብ መጣል ይሆናል። እነዚህ ሴቶች በቁጠባና ብድር ማኅበር፣ በዶሮና በግ እርባታ፣ በምግብ ዝግጅት ወይም በሽመና ሌላ ገቢ እንዲያገኙ ሳይታገዙ የሚወጣ ክልከላ ሽያጩን ከአደባባይ ወደ ጓዳ ከማዛወር አያልፍም። ሕጉ በበኩሉ አንድ ግልጽ ነገር ይዟል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ይህን በየመንደሩ ማስከበር የሚጀምረው ለሻጮቹ በመንገር ሲሆን፣ እናቶች ስለሆኑም ብዙዎቹ ነገሩን በቀላሉ ይረዱታል።

ቤተሰብ ሱስ ካለበት ዘመዱ ጋር የሚኖርበትን መንገድ ኦርፎርድና ባልደረቦቻቸው ሪቻርድ ቬልማን፣ አሌክስ ኮፔሎና ሎርና ቴምፕልተን ለብዙ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች አጥንተው፣ ባህሉ የቱንም ያህል ቢለያይ በሦስት መልክ እንደሚታይ ገልጸዋል፤ እነርሱም መቻል፣ መጋፈጥና መራቅ ናቸው። የቻለ ቤተሰብ ዱቤውን ይከፍላል፣ ለዕድሩ ዳኛ «አሞት ነው» ይላል፣ የሰበረውን ይጠግናል፤ በዚህም ሰላም ያገኛል፤ ዳሩ ግን ሰውየው የመጠጡን ዋጋ በራሱ ላይ ሳያየው ይኖራል። የተጋፈጠ ቤተሰብ ይጨቃጨቃል፣ አረቄውን ይደፋል፣ ሽማግሌ ይሰበስባል፣ በነፍስ አባት ያስገዝታል፤ አንዳንዴ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ ጠቡ ራሱ ለሌላ ስካር ሰበብ ይሆናል። የራቀ ቤተሰብ መኝታ ይለያል፣ ገንዘቡን ለብቻ ይይዛል፣ ወደ ራሱ ሥራና ወደ ልጆቹ ይመለሳል፣ ከዚያም አልፎ ይለያያል፤ ጤናውን ያተርፋል፤ ብዙ ጊዜ ግን «ጥላው ሄደች» የሚል ወቀሳ ይከተለዋል። ከሦስቱ አንዱ ለሁሉ የሚበጅ ሌላው የሚያጠፋ ነው ማለት እንደማይቻል የጥናቱ ባለቤቶች ያስረዳሉ፤ ይህም ፍርድ ሚዛናዊ ነው፤ ምክንያቱም ጠባብ ማሳ ላይ ከባሏ ዘመዶች መካከል ለምትኖር ሴት የሚቻለውና በእንጅባራ ከተማ ደመወዝ ላላት ሴት የሚቻለው አንድ አይደለም። የረዳቱ ሥራ የቤተሰቡ አባል አሁን በየትኛው መንገድ ላይ እንዳለ፣ ምን እንዳተረፈበትና ምን እንዳጣበት ተረጋግቶ እንዲያየው ማገዝ ነው።

ከዚህ ጥናት የተወለደው አምስት እርምጃ ያለው የእርዳታ ስልት እጅግ ቀላል በመሆኑ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ለነርስ ወይም ለሠለጠነ የዕድር አባል የሚከብድ አይደለም። መጀመሪያ የቤተሰቡን አባል ሳይፈርዱበትና ሳያቋርጡት ማዳመጥ ነው፤ ለዓመታት ገመናውን ይዞ ለኖረ ሰው ይህ ብቻውን ታላቅ ዕረፍት እንደሚሰጠው ያዳመጡ ሁሉ ያውቃሉ። ቀጥሎ ስለ ሱሱ ትክክለኛ እውቀት መስጠት፣ ከዚያም ከላይ በተነገሩት የመቻል፣ የመጋፈጥና የመራቅ መንገዶች ላይ አብሮ ማሰብ ይመጣል፤ በአራተኛው እርምጃ በዙሪያው ማን ሊደግፈው እንደሚችል፣ ማንስ እንደሚያባብስበት ይለያል፤ በመጨረሻም ከዚህ የላቀ እርዳታ፣ የሕክምናም ሆነ የሕግ፣ የሚያስፈልገው እንደሆነ ይታያል። ሱስ የያዘው ሰው ራሱ በዚህ ሁሉ ላይ የግድ መገኘት አያስፈልገውም፤ የቤተሰቡ እርዳታ በእርሱ ፈቃድ ላይ አይንጠለጠልም።

ይህ ሲባል ቤተሰብ ዘመዱ ወደ ሕክምና እንዲሄድ ለማድረግ ምንም አቅም የለውም ማለት አይደለም። ሮበርት ማየርስ የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያዘጋጁት ክራፍት የተሰኘ የቤተሰብ ሥልጠና፣ ዘመድ ሳይሰክር በዋለበት ቀን ደስታን ግልጽ አድርጎ ማሳየትን፣ ሲሰክር ግን ሳይጨቃጨቁ ገለል ማለትን፣ የስካሩን ውጤት ከእርሱ ፋንታ አለማጽዳትን፣ ስለ ሕክምና የሚነጋገሩበትን ሰዓት መምረጥንና በዚህ ሁሉ መካከል የራስን ኑሮ አለመተውን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት፣ በዚህ መንገድ ከሠለጠኑ ቤተሰቦች 64 በመቶ የሚሆኑት እምቢ ብሎ የቆየ ዘመዳቸውን ወደ ሕክምና ማስገባት ሲችሉ፣ ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ በድንገት መጋፈጥን ከተማሩት 30 በመቶ፣ በአል-አኖን መንገድ ከተመሩት ደግሞ 13 በመቶ ብቻ ተሳክቶላቸዋል። አል-አኖን ዓላማው ቤተሰቡን መደገፍ እንጂ ዘመዱን ማስገባት እንዳልሆነ ሊታወቅ ይገባል። በአገራችን በአንድ ቀን ሽማግሌ ሰብስቦ ማስማል የተለመደ በመሆኑ ይህ ውጤት ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ሽምግልናው የሚከበር ቢሆንም፣ ጧት ሞቅታው ከለቀቀው በኋላ በሚስት ወይም በእናት በእርጋታ የተነገረ ቃል፣ በብዙ ሰው ፊት በኀፍረት ከተሰጠ ቃል ኪዳን ይልቅ ፍሬ ያፈራ ይሆናል።

ቤተሰቦች አጥብቀው ሊያውቁት የሚገባ አንድ የሕክምና ጉዳይ አለ። በየቀኑ ከጧት ጀምሮ ለረጅም ጊዜ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ የማቋረጥ ሕመም ይይዘዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ጥቂቶች ላይ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ከፍተኛ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ተደርበው ካልታከሙ ለሞት የሚያደርስ ሁኔታ ይፈጠራል። ይህ በመንፈስ መያዝ ተደርጎ ስለሚታሰብ፣ ሰውየው በቤት ውስጥ ታስሮ ወይም ለብቻው ወደ ጠበል ተወስዶ ክፉ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጠበል መጠመቅና ሕክምና አብረው ሊሄዱ የሚችሉ በመሆናቸው፣ የሚሻለው መንገድ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ እንጅባራ አጠቃላይ ሆስፒታል ሄዶ፣ የማቋረጥ ሕመሙን የሚያበርድ እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 በሐኪም ትእዛዝ እየወሰዱ እነዚያን ቀናት ማሳለፍ ነው። የጫት ማቋረጥ በአንጻሩ ድካም፣ ከባድ እንቅልፍና ድብርት ያምጣ እንጂ ለሕይወት እንዲህ አያሰጋም።

የሕክምናው አቅርቦት ገና የሳሳ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ ከእንጅባራ የሚነሣ ታማሚ ወደ እርሱ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት፤ ባሕር ዳር ያሉት ሆስፒታሎች 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረውና ኢትዮጵያም ተቀብላ የተገበረችው ፕሮግራም የጤና መኮንኖችና ነርሶች ድባቴን፣ የሚጥል በሽታን፣ ከባድ የአእምሮ ሕመምንና የአልኮል ሱስን በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲያክሙ ማሠልጠኑ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሆኖም ሥልጠናው በታማሚው ላይ ያተኮረ በመሆኑ አብሮት የመጣው አስታማሚ ብዙ ጊዜ በር ላይ ይቀራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት በየጊዜው መንገድ የሚዘጋና የጤና ተቋማትን ሥራ የሚያውክ በመሆኑ፣ ሥጋትና ኀዘን ወደ መጠጥ የሚገፋቸው ሰዎች በበዙበት በዚሁ ወቅት ርቆ የሚገኝ ሕክምና ይበልጥ ርቋል። ሀሺሽና የመሳሰሉትን መያዝም ሆነ መጠቀም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 የሚያስቀጣ በመሆኑም ወላጅ ልጁን ወደ ሐኪም ከመውሰድ ይልቅ መሸሸግን ሊመርጥ ይችላል፤ ሐኪም የታማሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ለወላጆች በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

ለቤተሰቡ ኑሮ መጠጊያ ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ ሕጉ በንብረት ረገድ የሚሰጠው ጥበቃ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ስለሚይዝ፣ ለአረቄ ዕዳ ተብሎ የጋራ ማሳ በአንዱ ፈቃድ ብቻ ለሌላ እንዳይተላለፍ ሚስት በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ተቃውሞዋን ማስመዝገብ ትችላለች፤ የቤተሰብ ሕጉም የጋራ የሆነ ቤትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ይህን የማታውቅ ሚስት ብዙ ናት፤ የምታውቀውም ከባሏ ዘመዶች ጋር መጣላትን ትፈራለች፤ ስለዚህ ሽማግሌዎች «ታገሺው» ከማለታቸው ጎን ለጎን የልጆቹ ቀለብ የሚወጣበት ማሳ እንዳይነካ ማስማማት ቢይዙ ለቤቱ የሚተርፍ ሥራ ይሠራሉ።

ማኅበራዊ ድጋፉን በተመለከተ የአዊ ሕዝብ የታደለ ነው ማለት ይቻላል። ዕድር፣ ዕቁብ፣ ሰንበቴ፣ ጽዋ ማኅበር፣ ወንፈል፣ ከእነዚህም በላይ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉ በእንጅባራ በድምቀት የሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ ሰው በሐዘኑና በደስታው ብቻውን እንዳይቆም የሚያደርጉ ናቸው። አሳሳቢው ነገር በእነዚህ ስብስቦች ዘንድ ጠላና አረቄ የመስተንግዶው ዋና አካል መሆኑ፣ መጠጥ ላቆመ ሰውና ለቤተሰቡ መገኘትን ፈተና ማድረጉ ነው፤ ላለመጠጣት ሲሉ የቀሩ ሰዎች ቀስ በቀስ ከሰው ይለያሉ፣ ብቸኝነቱም መልሶ ወደ መጠጡ ይወስዳል። ብርዝ፣ ቃሪቦና ቡና በእኩል ክብር የሚቀርቡበት ማኅበር፣ «እምቢ» ያለውን ሰው «በሞቴ» እያለ የማያስጨንቅ ደጋሽ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከብዙ ምክር የበለጠ ውለታ ይውላል። ዕድሮችም ከቀብር በፊት ስላለው ሕይወት ሊያስቡ ይችላሉ፤ ገንዘባቸው በመጠጥ ያለቀባቸውን ቤቶች ልጆች የትምህርት ቁሳቁስ ማሟላት፣ የመዋጮ ጊዜ ማራዘም፣ ሕክምና ለሚወስደው አባል የመኪና ኪራይ መሸፈን ከአቅማቸው በላይ አይደለም። የነፍስ አባት ደግሞ በየቤቱ የሚገባ፣ ምስጢር የሚሰማና ቃሉ የሚከበር በመሆኑ፣ ግዝቱን ከሕክምናው ጋር አጣምሮ ቢያዝ፣ ለሚስትየዋም «አንቺስ እንዴት ነሽ» ቢላት፣ ማንም ሊተካው የማይችል ረዳት ይሆናል፤ በሙስሊሙ ቤተሰብ ዘንድም ኢማሙ ተመሳሳይ ስፍራ አለው።

ሱስ ከቆመ በኋላ ሊያገረሽ የሚችል በመሆኑ የቤተሰቡ ድጋፍ በአንድ ወቅት የሚጠናቀቅ አይደለም። ከወራት ንጹሕ ቆይታ በኋላ የተመለሰ ስካር ሁሉንም ነገር ከንቱ የቀረ ያስመስለዋል፤ የሱስ ሕመም ጠባይ ግን እንደ ደም ግፊትና እንደ ስኳር በሽታ ረጅም ክትትል የሚሻና ሊባባስ የሚችል ስለሆነ፣ ያገረሸበት ሰው ፈጥኖ ወደ ሕክምናው እንዲመለስ ማድረግ ከመውቀስ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተስፋዋ የተቆረጠው እናት ወይም ሚስት ራሷ ጠያቂ ያስፈልጋታል።

ለዚህ ሁሉ መነሻ ሊሆን የሚችለው ሰው በየቀበሌው አለ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ያህል የሠለጠኑ ሴቶችን መድቦ ከቤት ቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድና ስለ ንጽሕና እንዲያስተምሩ አድርጓል፤ በዚያ ጉብኝት ላይ በመጠጥ ወይም በጫት የተቸገረ ሰው በቤቱ እንዳለ፣ አብረውት የሚኖሩትስ እንዴት እንደሚያድሩ የሚጠይቁ ጥቂት ጥያቄዎች ቢጨመሩና ሠራተኞቹ በአምስቱ እርምጃዎች ለጥቂት ቀናት ቢሠለጥኑ፣ አዲስ ሕንፃም አዲስ መሥሪያ ቤትም ሳያስፈልግ ብዙ ቤት ይደረሳል። ጥያቄው በአዊኛ ሊጠየቅም ይገባል፤ በባንጃና በአንከሻ ገጠር የምትኖር አዛውንት እናት አማርኛ ብታውቅም እንኳ የልጇን ነገር፣ ኀፍረቷንና ፍርሃቷን የምትናገርበት ቋንቋ አዊኛ ነው። ቋንቋው በአካባቢው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትና በአስተዳደሩ ሥራ ላይ የዋለ በመሆኑ የሥልጠና ጽሑፍ ለማዘጋጀት የሚችል ሰው አይታጣም፤ የዞኑ ጤና መምሪያና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በጋራ ሊሠሩት የሚችሉት፣ በአንድ የበጋ ወራት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።